አንድ እፍኝ ሰጋቱራ

አቶ አጽብሃ በገዛ ግቢያቸው፣ ሣሩ ላይ በፊታቸው ተደፍተው ነው የተገኙት። ቀኝ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል፤ ራሳቸው ከድንጋዩ ደረጃ ሥር አርፏል። ዕለቱ የሐምሌ እሑድ፣ ዓመቱ 2003፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ነው። ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ፣ ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ፈረሳ በሚጠብቅ የካዛንቺስ ሰፈር፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሥነ ሕይወት ያስተማሩ ጡረተኛ እንዲህ ሆነው ቀሩ።

ሰፈሩ ፖሊስ ሳይደርስ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ሟቹ ቤት ውስጥ ሁለት ጥንቸሎች ያኖሩ ነበር። ጥንቸል ደግሞ ትቆፍራለች። ቆፈረች፣ ሰውየው ወደቁ፣ አለቀ። «የማይበላ፣ የማይታለብ እርኩስ እንስሳ ቤት አስገብቶ! ምን ይመጣ መስሏቸው ነበር?» አሉ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ያሰገጉ ጎረቤት። የሞተን ሰው መምከር መቼም ቀላል ነው።

ሳጅን ኢያቄም ከሰፈሩ በግማሽ ብልሃት ይበልጥ ነበር። ቁስሉ የኋላ ጭንቅላታቸው ላይ መሆኑን አይቶ «ወደ ፊት የወደቀ ሰው ኋላው አይፈነከትም» አለ። እውነቱን ነው። ቤት ገብቶ አፍንጫ የሚሰነጥቅ የበረኪና ሽታ አገኘ፤ የሆነ ነገር በችኮላ ታጥቧል አለ። ይኼም እውነት ነው። ከዚያ ግን «እዚህ ቤት ማጠብና መጥረግ የማን ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቀና፣ አስከሬኑን ያገኘችውን የቤት ሠራተኛ ጀማነሽን ከነነጠላዋ መኪና ላይ ጭኖ ጣቢያ ላካት። አሥራ ስምንት ዓመት በዚያ ቤት የኖረች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ግማሽ ብልሃት ከሙሉ ሞኝነት የባሰ ጣጣ እንዳለው ለሳጅኑ የነገረው አልነበረም።

ኢንስፔክተር ገበያነሽ ጉልበቷን እያሸች ከመኪና ስትወርድ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነበር።

«ሴትዮዋ አመነች?»

«አላመነችም። ታለቅሳለች በቃ። ነገ ጠዋት በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

«ነገ ጠዋት?»

«አዎ፣ ኢንስፔክተር።»

«እንግዲያው አንድ ቀን አለኝ» አለችና አስከሬኑ አጠገብ በችግር ተንበረከከች።

ገበያነሽ የምታየውን አትናገርም፤ ባልደረቦቿ የሚያማርሯትም በዚህ ነው። የሟቹን ፊት ቀና አድርጋ የአፍንጫቸውን ቀዳዳ አየች፤ ውስጡ ጥቁር አፈር ሞልቶታል። ቀጥላ ጉድጓዱን አየች፤ አፉ እንደ ማሰሮ የተስተካከለ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደ ነው። አፈሩ ዙሪያውን ተከምሯል። የሣሩ ሥር በስለት የተቆረጠ ይመስላል። ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና ወደ ቤት ገባች።

የመምህሩ ክፍል ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል፤ የዛሬው በረኪና ግን ሁሉንም አሸንፎታል። በግድግዳው ጥግ በአንድ ወገን ጠርዙ ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠ ሰማያዊ ሳፋ ተቀምጧል፤ ውስጡ ሰጋቱራ አለ፤ የጥንቸሎቹ መጸዳጃ ነው። አጠገቡ ጠርዙ በብረት የተያዘ፣ አሸዋ የሞላበት ትልቅ የእንጨት ሳጥን አለ። አልጋው ሥር ነጭና ጥቁር ጥንቸሎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ገበያነሽ ስትጎነበስ ጥቁሯ በኋላ እግሯ ወለሉን መታ መታ አደረገችው።

«ተቆጣች» አለ ሳጅን ኢያቄም ፈገግ ብሎ።

«ፈርታ ይሆናል። ሳፋውን አየኸው?»

«ንጹሕ ነው።»

«በጣም ንጹሕ ነው። ሰጋቱራው እንኳ አልተረገጠም። እዚያስ?»

ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር፣ ከሳፋው ትይዩ ባለው ጥግ፣ ጥቁር ጥቁር ፍሬ ተበትኗል፤ መሐሉ ላይ ያልደረቀ ሽንት አለ።

«እንስሳ አይደለች እንዴ ኢንስፔክተር? ባገኘችበት ነው።»

ገበያነሽ ሳፋውን ገፋ አድርጋ ሥሩ ያለውን የፕላስቲክ ምንጣፍ ጫፍ ገለጠች። ሲሚንቶው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል የረጋ ደም ነበር። የሳጥኑን የብረት ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች፤ ሁለት ዘለላ የሸበተ ፀጉር ተጣብቆባት መጣ። ሳጅኑ ፈገግታውን ሰበሰበ።

«የተመቱት እዚህ ነው» አለች። «ደጅ የወጡት በሰው እጅ ነው። መኪናውን አስነሣ፤ ጣቢያ ልሂድ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል።»

ጀማነሽ የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ተቀምጣለች። ኢንስፔክተሯ ስለ ግድያው ምንም ሳትጠይቅ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እስቲ ስለ ጥንቸሎቹ ንገሪኝ። ሳፋቸውን እንዴት ነው የምታጸጂው?»

ጀማነሽ ግራ ተጋብታ አየቻት። «በየቀኑ ጠዋት ነው። ግን ሁሉን አልደፋም። ጋሼ ይቆጣሉ። ከእርጥቡ ሰጋቱራ አንድ እፍኝ አስቀርና ከአዲሱ ጋር እደባልቀዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሽታቸውን ካላገኙት አይገቡበትም፤ ያገኙት ጥግ ላይ ነው የሚለቁት። መጀመሪያ ሰሞን አላወቅኩም፤ ሁሉን አጥቤ፣ ዱቄት፣ ነጯ ማለቴ ነው፣ የጋሼ አልጋ ላይ ሸናችበት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልሳትኩም።»

«በምንድነው የምታጥቢው?»

«በአቼቶ። በረኪና ጋሼ እዚያ ክፍል አያስገቡም፤ ከሽንታቸው ጋር ሲገናኝ ዓይን ያጠፋል ይላሉ። በረኪናው ሻወር ቤት ነው ያለው።» ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች። «ኢንስፔክተር፣ እኔ እሳቸውን እገድላለሁ? ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ለኪዳን ስወጣ ‹ለእኔም ጸልዪልኝ› ብለውኛል እኮ። ደህና ነበሩ።»

«ቤተ ክርስቲያን ማንን አየሽ?»

«ማንን አያለሁ? ዓይኔ መጋረጃው ላይ ነበር።»

ገበያነሽ ወደ ካዛንቺስ ስትመለስ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። የጓሮው ክፍል ተከራይ ከሆነው ከታዲዎስ ጀመረች። አርባ ዓመት የሞላው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ እጁን መያዝ አቅቶት ሸሚዙን ይጎትታል።

«ጥንቸሎቹን እገድላለሁ ብለህ ዝተህ ነበር አሉ።»

«አልክድም። ጎመኔን ጨርሰውት ነበር። ‹አርጄ ለውሻ ነው የምሰጣቸው› ብያለሁ። ግን በቃ፣ ታረቅን። ጋሼ የአሸዋውን ሳጥን ያሠሩት እኮ በእኔ ምክንያት ነው። ‹ሴት ጥንቸል መቆፈር ካልቻለች ታብዳለች፤ ስለዚህ አትከልክላት፣ የራሷን ቦታ ስጣት› አሉኝ። ከሦስት ወር ወዲህ ደጅ ወጥተው አያውቁም።»

«ድሮ የቆፈሩትን አሳየኝ።»

ወደ ጓሮ ወሰዳት። ጎመኑ መካከል በሣር የተሸፈኑ ሦስት አሮጌ ጉድጓዶች አሉ። «ይኸውና። አጋድላ ነው የምትገባው፤ ቀጥ ብላ አትወርድም። አፈሩን በፊት እግሯ ወደ ኋላዋ ስለምትፈናጥቀው በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚከመረው። ያለፈውን ክረምት ሙሉ ስደፍን ከርሜ፣ ተኝቼም አውቀዋለሁ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ጀማነሽ ስትጮህ ነው የነቃሁት። ምስክር የለኝም» አለና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

የሟቹ የእህት ልጅ ራሕዋ ከሰንጋ ተራ ነው የመጣችው። ባንክ ትሠራለች፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ፊቷ በልቅሶ አብጧል፤ ግን ስትናገር አትደናቀፍም።

«አጎትሽን ትወጃቸው ነበር?»

«ያሳደገኝ እሱ ነው። ባለፈው ወር ሽማግሌ ሲላክልኝ ከሰል፣ ጥቁሯ፣ ከወንበራቸው ሥር ወጥታ የአንዱን ሽማግሌ የጫማ ክር በላችበት። በሰዓቱ አፍሬ ልሞት ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።» አለቀሰች እንጂ አልሳቀችም። «ጀማነሽ ታማ የተኛች ጊዜ ሁለት ሳምንት እዚህ አድሬ ሳፋቸውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። በአቼቶ፣ ያው እፍኟን አስቀርቼ። ዛሬም ከቅዳሴ መልስ ቁርስ አብረን ልንበላ ነበር።»

«ቅዳሴ ከመጀመሪያው ነበርሽ?»

«አዎ፣ ኡራኤል። ማለቴ፣ እኔ እንኳ ያው ሴት ነኝና በምክንያቴ ደጅ ነው የቆምኩት። አጎቴ ሽሻይም ደጅ ነበር፤ ከጽዱ ዛፍ ሥር። ገረመኝ። እሱ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ውስጥ፣ መቅደሱ በር አጠገብ ነው የሚቆመው።»

«ሁለቱ ወንድማማቾች እንዴት ነበሩ?»

«ቤቱ የጋራቸው ነው፤ ከአባታቸው የወረሱት። ሊፈርስ ነው። ምትክ ለማግኘት ሁለቱም እስከ ነገ መፈረም ነበረባቸው። አጎቴ ሽሻይ ኮንዶሚኒየም እንውሰድ ይላል። ጋሼ አፈር የሌለበት ቤት አልገባም አለ። ባለፈው እሑድ ‹እኔን ቅበርና ፈርም› ሲለው ሰምቻለሁ።»

አቶ ሽሻይ ሳሎን ውስጥ በጋቢ ተጠቅልለው በለቀስተኞች መካከል ተቀምጠዋል። ከሟቹ በስምንት ዓመት ያንሳሉ። ላንቻ ሱቅ አላቸው፤ ጾም የማያስታጉሉ፣ ስማቸው የተከበረ ሰው ናቸው። ኢንስፔክተሯን ለመጨበጥ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ፤ እንደ እሳቸው ያለ ወግ አዋቂ ግራውን ቀኝ ክንዱ ላይ ያደርጋል፤ እሳቸው ግን ግራቸውን ሸሸጉት። ወዲያው ጎረቤት ማስታጠቢያ ይዛ ስትቀርብ «ዛሬ እህል በአፌ አይገባም» ብለው መለሷት።

«ነፍስ ይማር አቶ ሽሻይ። ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን። ከላንቻ በቀጥታ።»

«እዚህ ጎራ አላሉም?»

«እኔ ወንድሜ ክፍል ከገባሁ ዓመት አልፎኛል። ከእርኩስ እንስሳ ጋር አልቀመጥም። ስንገናኝም እዚሁ ሳሎን ነው።»

«ገዳዩ ማን ይመስልዎታል?»

«ሠራተኛዋን ይዛችኋል አይደል? ያጠበችው እሷ ናት። እግዚአብሔር ይቅር ይበላት።»

ገበያነሽ አስከሬኑን ከመረመረው የሆስፒታል ዶክተር ጋር ረዘም ላለ ጊዜ በስልክ ተነጋገረች፤ ስትጨርስ ፊቷ ጠቁሯል። ለሳጅን ኢያቄም «ጀማነሽን አምጣት። ለቀስተኛውን ደጅ ድንኳን ውስጥ አስቀምጥና ሦስቱን ብቻ የመምህሩ ክፍል አስገባልኝ» አለችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። ራሕዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ታዲዎስ መደርደሪያው ላይ ተደገፈ። አቶ ሽሻይ በሩ ላይ ቆሙ፤ ሳጅኑ «ይግቡ እንጂ» ሲላቸው አንድ እርምጃ ገቡ። ጀማነሽ ከሳጅኑ ጎን ቆማለች።

«አቶ አጽብሃ የሞቱት ጉድጓድ ውስጥ ገብተው አይደለም» ብላ ጀመረች ኢንስፔክተር ገበያነሽ። «እዚህ ተገፈተሩና ኋላቸውን የዚህ ሳጥን ብረት መታቸው። ደማቸው ሳፋው ውስጥ ፈሰሰ። ገፍታሪው ደንግጦ ሰጋቱራውን ደፋ፣ ሳፋውን በበረኪና አጠበ፣ አዲስ ሰጋቱራ ሞላበት። ከዚያ ደጅ አውጥቷቸው ጉድጓድ ቆፈረና እግራቸውን ከተተው። ሰፈሩ ጥንቸል ገደለቻቸው እንዲል።»

«ታዲያ የሚያጥበው ማነው?» አሉ አቶ ሽሻይ።

«ሳጅኔም እንደ እርስዎ ነው ያሰበው። ከጀማነሽ ልጀምር። ይህች ሴት በየቀኑ ከእርጥቡ አንድ እፍኝ ታስቀራለች፤ በረኪና ወደዚህ ክፍል አታመጣም። ዛሬ ሳፋው ሽታው ጨርሶ ስለጠፋ ጥንቸሎቹ አልገቡበትም፤ ያ ጥግ ላይ ለቀቁት። ጀማነሽ ሰው ገድላ ብትሆን እንኳ፣ ሳፋው የወትሮውን ሳፋ እንዲመስል እፍኟን ታስቀር ነበር። ይህን ያጠበ ሰው የቤቱን ልማድ የማያውቅ ነው።»

የሳጅን ኢያቄም ጆሮ ቀላ።

«ራሕዋም ታውቃለች፤ ሁለት ሳምንት ጠርጋዋለች። ታዲዎስ ስለ ሳፋው ላያውቅ ይችላል። ጉድጓዳቸውን ግን ከማንም በላይ ያውቃል። እሱ ቢቆፍር አጋድሎ ይቆፍር፣ አፈሩንም ወደ አንድ ወገን ይበትን ነበር። ደጅ ያለው ግን በዶማ ቀጥ ብሎ የተቆፈረ ነው። ያንን የቆፈረ ሰው ጥንቸል ስትቆፍር አይቶ አያውቅም። ሳፋውንም አያውቅ፣ ጉድጓዱንም አያውቅ። ከእናንተ ውስጥ ከእነዚህ እንስሳት ርቄ ኖርኩ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ራሕዋ ቀስ ብላ ወደ በሩ ዞረች።

«ይህ ግምት ነው» አሉ አቶ ሽሻይ። «እኔ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ። ሰው አይቶኛል።»

«አይቶዎታል። ደጅ፣ ከጽዱ ሥር። ሃያ ዓመት መቅደሱ በር አጠገብ የቆመ ሰው፣ ሳይረፍድበት፣ ዛሬ ለምን ደጅ ቆመ? ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም። እርስዎ ደግሞ ሥርዓት አዋቂ ነዎት። ግራ እጅዎን ያውጡልን።»

አቶ ሽሻይ አልተንቀሳቀሱም። ሳጅኑ ጋቢውን ገለጠው። አውራ ጣታቸው በጨርቅ ታስሯል፤ ጨርቁ ሲፈታ ጎን ለጎን የሆኑ ጥልቅ የጥርስ ቁስሎች ታዩ። አሁንም ደም ያዣሉ።

«ሴት ጥንቸል ሳፋዋን ማንም ሲነካባት አትወድም» አለች ገበያነሽ። «ሲያነሡት ከሰል ነከሰችዎት።»

ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ተደገፉና ተንሸራትተው ቁጭ አሉ። «ልገድለው አልመጣሁም» አሉ። «ነገ የመጨረሻው ቀን ነው፣ ከቅዳሴ በፊት ልለምነው ብዬ ነው። ‹ለጥንቸል ብለህ እኔን መንገድ ላይ ታስቀረኛለህ› አልኩት። ፊት ለፊቴ ቆሞ ሳቀብኝ። ገፈተርኩት። ወደቀ፤ አልተነሣም። ሞተ። የሞተን ሰው ነው ያወጣሁት፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።»

«ዶክተሩ እንዲህ አላለም» አለች ገበያነሽ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «የደጁን አፈር በአፍንጫቸው ስበውታል፤ ሳንባቸው ድረስ ገብቷል። ደጅ ከወጡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ኖረዋል። ቅዳሴው ሲጀመር ይተነፍሱ ነበር። ሰው ጠርተው ቢሆን ይድኑ ነበር።»

«አላወቅኩም! ሞቷል ብዬ ነው! ምን አውቄ!»

ለዚህ ኢንስፔክተሯ ማስረጃ አልነበራት። ሕጉ ባለማወቅና በማወቅ መካከል ሰፊ መንገድ እንዳለው ታውቃለች፤ ሽማግሌውም በዚያ መንገድ ሊያመልጡ እንደሆነ ገብቷታል።

ያኔ ጀማነሽ ከሳጅኑ ጎን ወጥታ መጣችና አቶ ሽሻይ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለች። አሥራ ስምንት ዓመት እሑድ እሑድ እንጀራ ያቀረበችላቸው ሰው ናቸው።

«ጋሽ ሽሻይ፣ አልቆጣዎትም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎት። ስለ ቅዱስ ኡራኤል ብለው ይንገሩኝ። ሲያወጧቸው ተናግረው ነበር?»

አቶ ሽሻይ ፖሊስን ዋሽተዋል፤ ለቀስተኛን ዋሽተዋል። በዚህ ስም ግን በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም፤ ሁሉም ይህን ያውቃል። ከድንኳኑ የሙሾ ድምፅ ይሰማል።

«ሣሩ ላይ ሳስተኛው ዓይኑን ከፈተ» አሉ በመጨረሻ። «‹ጀማነሽ መጣች?› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?» አለች ጀማነሽ።

«‹አዎ፣ እየመጣች ነው፣ ተኛ› አልኩት። ከዚያ ዶማውን አነሣሁ።»

ሳጅን ኢያቄም ካቴናውን አወጣ። ጀማነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ መሬቱ ላይ ተደፋች፤ ራሕዋ አጠገቧ ተንበርክካ አቀፈቻት። ኢንስፔክተር ገበያነሽ ማስታወሻ ደብተሯን ከፍታ የሽማግሌውን ቃል እንደተናገሩት፣ አንዲት ሳትጨምር ጻፈችው።